የኬሚካሉን ጠርሙስ ገበሬው ወዴት ይውሰደው?

በጣና ዙሪያ የኬሚካል ጠርሙስ የሚጣለው የተከፈተበት ቦታ ላይ ነው። የሚከፈተው ደግሞ ውሃ ዳር ነው።

በበጋ የጉማራን ወይም የርብን ዳር ይዞ የሄደ ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየዋል። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ወንዙን ተጠግቶ ተተክሏል። የውሃ ሞተሩ ዳር ላይ ቆሞ ይንደቀደቃል። ገበሬው መርጫውን ከጀርባው አውርዶ ውሃ ይሞላበታል። ከኪሱ ጠርሙስ ያወጣል፣ በክዳኑ ለክቶ ይጨምራል፣ በእንጨት ያማስላል፣ ተሸክሞ ወደ ማሳው ይመለሳል። ጠርሙሱ ሲያልቅ እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ የሚወድቀው ግን ጠርሙሱ አይደለም፤ ከክዳኑ ሥር ያለችው ብልጭልጭ ማሸጊያ ናት። በጥፍር ትላጣለች፣ ትወረወራለች። ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም አትበልጥም። የሥር ገጿ ግን ውሃ ያልነካው ኬሚካል የተቀባ ነው። ልጅ ያነሳታል፣ ዶሮ ትጭራታለች።

ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ ከዳራቸው ሞልተው ይወጣሉ። የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። በበጋ ዳር ላይ የተጣለው ሁሉ ያን ጊዜ ተነስቶ ይሄዳል። ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው፤ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። አራቱም የታረሰ መሬት አቋርጠው ነው የሚመጡት። ሐይቁ ደግሞ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር አካባቢ ነው።

ይህ ጉዳይ በስብሰባም በሪፖርትም ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው ቃል «የግንዛቤ እጥረት» ነው። ገበሬው አያውቅም፣ ይሠልጥን፣ ይማር ይባላል። እኔ ግማሹን እስማማለሁ፣ ግማሹን አልስማማም። ገበሬው ኬሚካሉ መርዝ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ሲረጭ ልጆቹን ያርቃል። ከብቶቹን የተረጨ ሣር አያስነካም። የተረፈውን ጠርሙስ ጣራ ሥር ይሸጉጣል። ሽታው ራሱ ይናገራል። ብዙም የማይታወቀው ሌላ ነገር ነው፤ ያለቀ ከመሰለው ጠርሙስ ውስጥ ስንት እንደቀረ፣ ሲቃጠል ወይም ሲቀበር ምን እንደሚሆን። ይህን ማስረዳት ይቻላል፤ ከዚህ በታች የምሞክረውም እሱን ነው። ትልቁ ችግር ግን የዕውቀት አይደለም። ሁሉን የሚያውቅ ገበሬ ጠርሙሱን አጥቦ፣ በስቶ፣ በጆንያ ከትቶ ቢያስቀምጥ እንኳ የሚያስረክበው ቦታ የለውም።

ያለቀ የሚመስለው ጠርሙስ

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ባለ 100 ሲሲ ጠርሙስ እንውሰድ። ውስጡ ላምዳ ሳይሃሎትሪን የሚባለው የነፍሳት መግደያ ነው እንበል። ለሽንኩርትና ለቲማቲም በብዛት ከሚረጩት አንዱ ነው። በገበያ ላይ ያለው ባለ 5 በመቶው ዓይነት በ1 ሊትር ውስጥ 50 ግራም መርዝ አለው። ገበሬው ጠርሙሱን ገልብጦ፣ አራግፎ፣ አንጠፍጥፎ ጨረሰ። በግድግዳውና በአንገቱ ዙሪያ ተጣብቆ የቀረው 2 ሲሲ ቢሆን፣ በውስጡ 100 ሚሊ ግራም መርዝ አለ ማለት ነው።

100 ሚሊ ግራም ለእኛ የአንድ ቁንጥጫ ጨው ያህል እንኳ አይሆንም። ለዓሣ ግን ሌላ ነው። በቤተ ሙከራ እንደታየው ይህ ኬሚካል ብዙ ዓይነት ዓሦችን የሚገድለው በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1 ማይክሮ ግራም ባነሰ መጠን ነው። ማይክሮ ግራም ማለት አንድ ግራም ለሚሊዮን ሲከፈል ነው። 100 ሚሊ ግራም ስንመነዝረው 100,000 ማይክሮ ግራም ይሆናል። ስለዚህ ያ የቀረው 2 ሲሲ 100,000 ሊትር ውሃ በእያንዳንዱ ሊትር 1 ማይክሮ ግራም እንዲኖረው ያደርጋል። ይህ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ሙሉ ኩሬ ነው። ከአንድ ጠርሙስ፤ ያውም «አለቀ» ከተባለ በኋላ።

ለእውነት ያህል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ለጠራ ውሃ ነው። የጣናና የወንዞቹ ውሃ ደፍራሳ ነው። ይህ ኬሚካል ደግሞ ከውሃ ይልቅ ጭቃ ላይ መለጠፍ ይወዳል። ስለዚህ የጉማራ ዳር ላይ አንድ ጠርሙስ ስለተጣለ ብቻ በማግሥቱ ዓሣ ሞቶ አይንሳፈፍም። ይህ የሚያጽናና ቢመስልም ብዙ አያጽናናም። ጭቃው ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ይዘቅጣል። ከሥር ያሉት ትላትልና የነፍሳት እጮች ጭቃው ውስጥ ነው የሚኖሩት። ኬሚካሉ የተሠራው ነፍሳትን ለመግደል ነው፤ የሰብል ተባይና የዓሣ ምግብ የሆነ እጭ ለይቶ አያውቅም። ዓሣው በመርዙ ባይሞት እንኳ የሚበላው ይጎድልበታል። ጣና ጥልቅ ስላልሆነ ነፋስ በተነሳ ቁጥር የሥሩ ጭቃ እየተቆሰቆሰ ይነሳል።

የአረም መግደያዎቹ ጠባይ ደግሞ የተለየ ነው። ቱፎርዲን የመሳሰሉት ውሃ ውስጥ በደንብ ይሟሟሉ፤ ጭቃ አይዛቸውም። ከውሃው ጋር አብረው ይጓዛሉ። ለዓሣ እንደ ነፍሳት መግደያው አይከፉም። ውሃው ግን የሚቀዳ ውሃ ነው። ከሐይቁና ከወንዙ ቀድቶ የሚጠጣ ሰው በዚህ አካባቢ ብዙ ነው።

የዓሣውን ነገር ሳልጨርስ አላልፍም፤ የጣና ዋና ሀብት ነውና። ነጭ ዓሣ የምንላቸው ብዙ ዓይነት ናቸው። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በስተቀር የትም የሉም። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠር ያለበትና ውሃው የሚፈስበት ቦታ ፈልገው እዚያ ይጥላሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል አባይ፣ መገጭ መሄጃቸው ናቸው። ወቅቱ ከሐምሌ እስከ መስከረምና ጥቅምት ነው። ገበሬው ለክረምት ሰብሉ የአረምና የተባይ መድኃኒት የሚረጨውም፣ ጎርፍ የበጋውን ጠርሙስ ጠርጎ የሚያወርደውም በዚያው ወቅት ነው። ለመርዝ በጣም ስስ የሆነው ደግሞ እንቁላሉና ጫጩቱ ነው።

ማቃጠል፣ መቅበር፣ እንደገና መጠቀም

ሜዳ ላይ መጣሉን የተጠየፈ ገበሬ ብዙ ጊዜ ያቃጥለዋል። ለንጽሕና ብሎ ነው። ችግሩ እሳቱ አይበቃም። ፀረ ተባይን በእሳት ለማጥፋት ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሆን አለበት። ጭሱም በዚያ ሙቀት ውስጥ ቢያንስ 2 ሰከንድ መቆየት አለበት። በገለባና በጭራሮ የተለኮሰ የጓሮ እሳት ይህን አያደርግም። ኬሚካሉ አይጠፋም፤ ጭስ ሆኖ ቦታ ይቀይራል። ክሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎችና ፕላስቲኮች በደካማ እሳት ሲቃጠሉ ደግሞ ዳዮክሲን የሚባሉ አዳዲስ መርዞች ይፈጠራሉ። ዳዮክሲን ካንሰር ያመጣል። አፈርና ሣር ላይ ያርፋል፣ ከሣሩ ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱ ይሄዳል።

መቅበርም እንደሚታሰበው አይደለም። የፎገራ መሬት አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የከርሰ ምድሩ ውሃም ሩቅ አይደለም፤ በእጅ ተቆፍሮ የሚገኝ ነው። ስለዚህ በማሳ ጥግ የተቀበረ ጠርሙስና የመንደሩ ጉድጓድ ጎረቤታሞች ናቸው። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ የሚጥሉም አሉ። ከልጅ እጅ መራቁ ጥሩ ነው። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ግን ያ ጉድጓድም በክረምት ሞልቶ ይፈስሳል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ነው፤ እንደገና መጠቀም። ባለ 1 ሊትሩና ባለ 5 ሊትሩ ዕቃ ጠንካራ ነው፣ ክዳኑ አያፈስም። በገጠር እንዲህ ያለ ዕቃ አይጣልም። ውሃ ይያዝበታል፣ ጋዝ ይቀዳበታል፣ ዘይት ይገዛበታል። ቆራሌው ሲመጣም ከሌላው ፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ የትኛው ገበያ ላይ፣ ምን ተሞልቶበት እንደሚታይ ማንም አያውቅም።

«በአመድና በፈላ ውሃ አጥቤዋለሁ» የሚል ሰው ያጋጥማል። ሳሙናም ይሁን አመድ የሚያጥበው የፕላስቲኩን ገጽ ነው። ኬሚካሉ ግን ለወራት ተቀምጦ የፕላስቲኩ ግድግዳ ውስጥ ሰርጓል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደተሞላው ነገር ይወጣል። በተለይ ዘይትና አረቄ ከውሃ በላይ ይስቡታል፤ ብዙዎቹ ፀረ ተባዮች ከውሃ ይልቅ በቅባትና በአልኮል ነው የሚሟሙት። የኬሚካል ዕቃ ስንት ጊዜ ቢታጠብ የምግብም የመጠጥም ዕቃ አይሆንም። በዚህ ላይ «ግን» የለም።

የዚህ ግልባጭም አለ። አንዳንድ ሻጭ የ1 ሊትሩን ኬሚካል በትንሽ በትንሹ በሃይላንድ ቀድቶ ይቸረችራል። ገበሬውም አይፈረድበትም፤ ለሩብ ጥማድ ሽንኩርት 1 ሊትር ምን ያደርግለታል? ሃይላንዱ ግን ጽሑፍ የለውም። በመደበኛው ጠርሙስ ሥር ቀለም የተቀባ መስመር አለ። ቀይ ከሆነ እጅግ መርዛማ ነው፣ ቢጫ ከሆነ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ እየቀለሉ የሚሄዱት ናቸው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይህን መለየት ይችላል። ሃይላንዱ ላይ ይህ ሁሉ ይጠፋል። የተበጠበጠ ኬሚካል አንዳንዱ ወተት ይመስላል፣ አንዳንዱ ጭማቂ።

ሰው ኬሚካል ከጠጣ ወይም ሲረጭ ቆይቶ ካስመለሰው፣ ምራቁ ከበዛ፣ ካላበው፣ ዓይኑ ከደበዘዘ ጊዜ ሳይፈጅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። በግድ ማስመለስ ጉዳቱን ያብሳል። የነካውን ልብስ ማውለቅና ቆዳውን በብዙ ውሃ ማጠብ ይረዳል። ከዚህ ጋር ጠርሙሱን ወይም ጽሑፉን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሕክምናው እንደ ኬሚካሉ ዓይነት ይለያያል። ለአንዱ መርዝ የሚሰጠው መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ሐኪሙ ስሙን ካላወቀ በግምት ይሠራል።

ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ

አሁን ወደሚቻለው ነገር እንምጣ። ይህኛው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ደብዳቤ አይጠይቅም፣ ነገ ጠዋት የሚጀመር ነው።

ጠርሙሱ እንዳለቀ፣ መርጫው ገና ሳይሞላ፣ ተገልብጦ እስኪንጠፈጠፍ 30 ሰከንድ ያህል መርጫው አፍ ላይ ይያዛል። ከዚያ እስከ ሩቡ ንጹህ ውሃ ይገባበታል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ለ30 ሰከንድ በደንብ ይናጣል። ላይ ታች፣ ግራ ቀኝ፤ አንገቱና መያዣው ላይ የተደበቀው እንዲወጣ። ውሃው መርጫው ውስጥ ይደፋል። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ክዳኑም ለብቻው ይለቀለቃል፤ መለኪያ ሆኖ የዋለው እሱ ነውና። ያቺ ብልጭልጭ ማሸጊያም መሬት ሳትነካ ወደ ጆንያው ትገባለች።

ሁለት ነገር ላይ ላስምር። አንደኛው ጊዜው ነው። ማለቅለቁ ወዲያውኑ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ኬሚካሉ ከደረቀ ፕላስቲኩ ላይ ይጋገራል፤ ማታ ቤት ገብቶ ማጠብ የጠዋቱን ያህል አይሠራም። ሁለተኛው ውሃው የሚሄድበት ቦታ ነው። የተለቀለቀበት ውሃ መርጫው ውስጥ ገብቶ ከቀረው ጋር ሰብሉ ላይ ይረጫል። መሬት ላይ ከተደፋ ግን ምንም አልተሠራም፤ መርዙን ከጠርሙስ ወደ አፈር አዛወርነው እንጂ።

በዚህ መንገድ በአግባቡ ከተሠራ ከጠርሙሱ ውስጥ ከቀረው ከ99 በመቶ በላይ ይወጣል። ከላይ የሠራነው የ100,000 ሊትሩ ሒሳብ ከ1,000 ሊትር በታች ይወርዳል። ለገበሬው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከ100 ሲሲ ውስጥ 2 ሲሲው በገንዘቡ የገዛው ነው። በአንድ የሽንኩርት ወቅት 10 ጠርሙስ የሚጨርስ ሰው 20 ሲሲ ይጥላል፤ የአንድ ጠርሙስ አንድ አምስተኛ። ስለ ሐይቁ ለመስማት ጊዜ የሌለው ሰው ይህን ይሰማል። እኔ የልማት ሠራተኛ ብሆን ትምህርቴን ከዚህ ነበር የምጀምረው።

ቀጥሎ ያለው መብሳት ነው። ጠርሙሱ ከተለቀለቀ በኋላ ሥሩ በሚስማር ይበሳል ወይም በቢላ ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ዘይትም ጋዝም አይይዝም። ቆራሌው ወስዶት ገበያ ቢደርስ እንኳ የሚሞላበት አይኖርም። ጽሑፉ ግን ባይነካ ይሻላል፤ ኋላ የሚሰበስበው ሰው ምን እንደነበረ ማወቅ አለበት።

የዱቄት ኬሚካል ከረጢት ግን አስቸጋሪ ነው። ማንኮዜብን የመሳሰሉት የሻጋታ መድኃኒቶች የሚመጡት ፕላስቲክና አልሙኒየም በተለጣጠፈበት ከረጢት ነው። ሁለቱ ቁሳቁስ ስለማይለያይ እንደ ጠርሙሱ ቀልጦ ለሌላ አገልግሎት አይውልም። መርጫው ውስጥ በደንብ አራግፎ፣ አጥፎ፣ ለብቻው በሌላ ጆንያ ማስቀመጥ ነው። ከጠርሙሱ ጋር ባይቀላቀል ይመረጣል።

አሁን መጀመሪያ ወደተነሳሁበት፣ ወደ ውሃው ዳር ልመለስ፤ ከማለቅለቁም የሚበልጠው ለውጥ ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ውሃውን በጀሪካን ቀድቶ ወደ ማሳው መውሰድና ኬሚካሉን እዚያ መበጥበጥ። ይኸው ነው። ከወንዙና ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ፣ ሣር ያለበት ደልዳላ ቦታ ላይ። የሚፈሰው ጠብታ አፈርና ሣር ላይ ይቀራል። አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕይወታውያን ጊዜ ካገኙ ብዙዎቹን ኬሚካሎች ይሰባብሯቸዋል፤ ወንዝ ግን ጊዜ አይሰጥም። ጠርሙሱም የሚወድቀው ማሳ ውስጥ ስለሚሆን ገበሬው ራሱ ያየዋል፣ ያነሳዋል። መርጫውንም ወንዝ ውስጥ ማጠብ ይቀራል። አንድ ጀሪካን መሸከም ድካም ነው፤ አልክድም። መርጫ ሙሉ 15 ወይም 20 ሊትር ተሸክሞ ከዳር ወደ ማሳ ለሚመላለስ ሰው ግን ያው ውሃ ነው፣ ያው መንገድ ነው።

እንግዲህ ጆንያው ሞላ። ከዚያስ?

ይህን ጥያቄ ለገበሬው መልሶ መወርወር ፍትሐዊ አይመስለኝም። ኬሚካሉን አላመረተም፣ አላስመጣም፣ በፕላስቲክ አላሸገም። በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። ያልተመዘገበ ኬሚካል እንዳይገባና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ምዝገባውን የሚመራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ሲገባ የሚጠየቅ ባለቤት አለው። ሲያልቅ ግን የቀረው ዕቃ ባለቤት የሌለው ይሆናል።

ባለቤት የሌለው መርዝ ሲከማች ምን እንደሚሆን አገራችን ታውቃለች። ለዓመታት በየመጋዘኑ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ተከማችቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ነው የተቃጠለው። እዚህ የሚያጠፋው ምድጃ ስላልነበረ።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚያደርጉት ልንገራችሁ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2000 ሕግ አወጣች። ሕጉ ሥራውን ለአራት አካል አካፈለው። ገበሬው ሦስት ጊዜ አለቅልቆ፣ በስቶ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመልሳል። ሻጩ የመመለሻውን ቦታ ደረሰኙ ላይ ይጽፋል። አምራቹ መጥቶ ያነሳል፤ መልሶ ለቱቦና ለመሳሰሉት ያውለዋል ወይም ያስወግደዋል። መንግሥት ከአምራቾቹ ጋር ሆኖ ያስተምራል፣ ይቆጣጠራል። አምራቾቹ ለዚሁ ሥራ የጋራ ተቋም አቋቋሙ። ዛሬ ኬሚካሉን በቀጥታ ከሚነካው የፕላስቲክ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ ይመለሳል። የብራዚል ገበሬ ከፎገራ ገበሬ የበለጠ ተፈጥሮን ስለሚወድ አይመስለኝም። ደረሰኙ ላይ አድራሻ ስላለ ነው።

እኛም ዘንድ ለዚህ የሚሆን ልምድ አለ። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ማስያዣ አለው። ስለዚህ ሜዳ ላይ ተጥሎ አይገኝም፤ ሰካራም እንኳ መልሶ ያመጣዋል። የኬሚካል ጠርሙስም ሲሸጥ ጥቂት ብር ማስያዣ ቢጨመርበትና ታጥቦና ተበስቶ ሲመለስ ብሩ ቢመለስ፣ በየዳሩ ለመልቀም ሰው ማሰማራት ብዙም ባላስፈለገ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ይለቅሙታል የሚል ስጋት አለ፤ ስጋቱም ትክክል ነው። ለዚህ ነው መመለሱ ለገዛው ሰው በስሙ ቢያዝ የሚሻለው።

ማጓጓዣውስ? ማዳበሪያ ወደ ቀበሌ የሚወርደው በዩኒየኖችና በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነው። መኪናው ሞልቶ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። የተበሳ ፕላስቲክ ቀላል ነው። በመመለሻው ቢጫን የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው። ሆኖም ፀረ ተባዩን በብዛት የሚሸጡት ማኅበራቱ ሳይሆኑ የግል ሱቆች ናቸው። ስለዚህ ሱቆቹ ውስጥ ካልገቡበት ግማሽ ሥራ ይሆናል። ባሕር ዳር፣ ወረታ፣ ሐሙሲት፣ መራዊ ያሉ ሱቆች በር ላይ ክዳን ያለው አንድ በርሜል ቢኖር ገበሬው በገበያ ቀን ይዞት ይመጣል። ወደ ገበያ ባዶ እጁን የሚመጣ ገበሬ የለም።

መጨረሻው ማረፊያ ደግሞ ሁለት ነው። በአግባቡ የተለቀለቀው ፕላስቲክ ተፈጭቶ ለማይበላና ለማይጠጣ ነገር ይውላል። ከረጢቱና ያልታጠበው ግን ከፍተኛ እሳት ይፈልጋል። በብዙ አገር ይህን የሚሠሩት የሲሚንቶ ምድጃዎች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ሙቀት ከ1,400 ዲግሪ ይበልጣል። በክልላችንም ለሚ ላይ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። ምድጃ ስላለ ብቻ ግን መጫን አይቻልም፤ ፈቃድ፣ የጭስ ማጣሪያና በየጊዜው የሚለካ ሰው ይጠይቃል። የሚያስፈልገው ውሳኔና ክትትል ነው።

ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። እምቦጭን ለመንቀል ሕዝቡ በእጁ ጭምር ወጥቶ ሠርቷል። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ደግሞ ቀበሌው በሙሉ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ጎርፍ መከላከያ ይቆፍራል። ከነዚያ ቀናት አንዱን ለወንዝ ዳር ጠርሙስ ማዋል ይቻላል። ባዶ እጅ መልቀም ግን አይገባም፤ ወፍራም የላስቲክ ጓንት ያስፈልጋል፣ ሕፃናትም አይሳተፉም። ከመልቀሙ በፊት ደግሞ የተለቀመው የሚቀመጥበት ቦታ ይወሰናል። ጣራ ያለው፣ ወለሉ ከፍ ያለ፣ የሚቆለፍ፣ ከእህልና ከመኖ የራቀ። ቀበሌው ያን አንድ ክፍል ካላዘጋጀ ዘመቻው ጠርሙሱን ከአንድ ዳር ወደ ሌላ ዳር ማዛወር ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ገበሬው ያለቀለቀውንና የበሳውን ከቤቱ ውጭ፣ ዝናብ በማይነካበትና ልጅ በማይደርስበት ቦታ ጆንያ አንጠልጥሎ ቢያከማች ትክክል ነው። ለጊዜው ነው እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም። ያ ጆንያ ወደ ወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ሻጩ መሄድ ያለበት በግንቦት ነው፤ ጉማራና ርብ ከመሙላታቸው በፊት።